ከላይ የታየ ላሊበላ

አንድ የጉዞ ወኪል ቤት ሁለት በራሪ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ እንድመልስለት ሰጥቶኝ ነበር። ቀድሞ ፈረንጅ ብቻ ያስተናግድ የነበረ ቤት ነው፤ አሁን ግን ለጫጉላ ሽርሽር ወደ ቀይ ባሕር የሚወርድ ሙሽራም፣ ለገና በአውሮፕላን ላሊበላ ደርሶ መመለስ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ሰውም ይመጣበታል። አንደኛው ጽሑፍ ስለ ባሕር ጠለቃ ነው፤ የአየር ጋን በጀርባ አዝሎ ወደ ኮራል ቅጥር ስለ መውረድ፣ ያን ያልደፈረም በአፉ ቱቦ ነክሶ ከውሃው ገጽ ተንሳፎ ቁልቁል ስለ መመልከት፣ ስኖርክል ስለሚሉት ማለት ነው። ሁለተኛው ስለ ላሊበላ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ስሠራ ያስተዋልኩት ነገር ነው ይህን ያስጻፈኝ።

ብሮሹርን እንደ ድርሰት መተቸት ምን ይፈይዳል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለመሆኑ ስለ ላሊበላ ከተጻፈው ሁሉ ይበልጥ የሚነበበው የትኛው ይመስለዋል? ገድሉ አይደለም። የታሪክ ምሁራኑ መጻሕፍትም አይደሉም። ይኸው ሦስት ቦታ የታጠፈ የሚያብረቀርቅ ወረቀትና የእሱ ታላላቅ ወንድሞች የሆኑት የፈረንጅ መምሪያ መጻሕፍት ናቸው። ይህን ያህል የሚነበብ ድርሰት ደግሞ ሐያሲ ሊያጣ አይገባም።

የባሕሩ ጽሑፍ የሚጀምረው በክልከላ ነው። ሰው ሊዝናና ገንዘቡን ከፍሎ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀበለው «አትንካ» የሚል ቃል ነው። ኮራሉን አትንካ፤ በላዩ አትቁም፤ በእግርህ መቅዘፊያ አሸዋ አታስነሣ፤ ዛጎል አንሥተህ በኪስህ አትክተት። በብዙ የቀይ ባሕር መጥለቂያዎች ጓንት ማጥለቅ እንኳ ክልክል ነው፤ እጁ የተሸፈነ ሰው ለመንካት ይደፍራልና። ከዚያ ምክንያቱ ይነገራል። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ድንጋይ አይደለም፤ ጥቃቅን እንስሳት ከባሕሩ ውሃ ኖራ እያወጡ የሚሠሩት ቤት ነው። የቀደሙት ሲሞቱ የኋለኞቹ በሙታኑ ቤት ላይ የራሳቸውን ይሠራሉ፤ ይህ በሺህ ዓመታት ሲደራረብ ቅጥር ይሆናል። በአውስትራሊያ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ የተዘረጋው ታላቁ የኮራል ቅጥር 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከዚያ ሁሉ ግዝፈት ግን ሕይወት ያለው ላይኛው ስስ ቆዳ ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ የአንድ ዋናተኛ ተረከዝ ይገድለዋል። ጽሑፉ ስለ ዓሣዎቹ ቀለም የሚያወራው ይህን ሁሉ ካስጠነቀቀ በኋላ ነው።

የላሊበላው ጽሑፍ የሚጀምረው በአድናቆት ነው። «ስምንተኛው የዓለም ድንቅ» ይላል፤ ይህን ሐረግ የዘለለ ብሮሹር እስካሁን አላጋጠመኝም። ቀጥሎ ቁጥር ይመጣል፤ 11 አብያተ ክርስቲያናት፣ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና የ13ኛው መባቻ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር። ከቁጥሩ በኋላ «ምስጢር» የሚለው ቃል አራት ጊዜ ይደጋገማል። ከምስጢሩ በኋላ ሆቴሎቹ። ክልከላ ቢባል ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ጫማ ማውለቅ። እሱም ለምን እንደሚወለቅ አይነገርም፤ የሚነገረው ምንጣፉ ቁንጫ ስለማያጣው ወፍራም ካልሲ መያዝ እንደሚበጅ ነው። (የፈረንጅ መምሪያ መጻሕፍት ይህችን የቁንጫ ነገር ከእትም ወደ እትም ሲያስተላልፏት፣ አይ ትጋት ያሰኛል።)

አንዱ ጽሑፍ እንግዲህ ድንጋይ የሚመስለውን «ሕያው ነው፣ ተጠንቀቅ» ይላል። ሌላው ሕያው የሆነውን ድንጋይ አድርጎ ያስጎበኛል። ጠቤ ከዚህ ላይ ነው።

ሥዕሉን እንመልከት። በሽፋኑ ላይ ሁልጊዜ ቤተ ጊዮርጊስ ነው፤ ሁልጊዜም ከላይ። ፎቶግራፍ አንሺው ከአፋፉ ቆሞ ቁልቁል ያነሣዋል፤ በጣሪያው ላይ መስቀል በመስቀል ውስጥ ተደርቦ ይታያል። በሩ አይታይም። ሰውም አይታይም፤ ቢታይ ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ነጠላ እንደ ጤፍ ፍሬ ጣል ብላ ነው። ከባሕሩ ጽሑፍ የተማርኩትን ቃል ልዋስና፣ ይህ የስኖርክል እይታ ነው። ከገጹ ተንሳፎ ቁልቁል ማየት የራሱ ደስታ አለው፤ አልንቀውም። ዳሩ ግን ስኖርክል ያደረገ ሰው ከታች ደርሼ መጣሁ አይልም። የላሊበላ ጽሑፎቻችን ግን ይላሉ።

ወደ ቤተ ጊዮርጊስ የሚወረደው በአለቱ ውስጥ በተቦረቦረ ቦይ ነው። በወረዱ ቁጥር ግድግዳው ይረዝማል፣ ሰማዩ ይጠብባል፣ ድምፅዎ ይለወጣል። ቤተ ክርስቲያኑ ሳይታይ ይቆይና ድንገት ከፊትዎ ይቆማል። እዚያ ቆሞ ለሚያየው ሰው ደግሞ መስቀል አይደለም፤ አንጋጥጠው የሚያዩት ግንብና በር ነው። መስቀልነቱ የሚታየው ከላይ ብቻ ነው። ታዲያ ጠራቢዎቹ ያንን የጣሪያ መስቀል የቀረጹት ማን እንዲያየው ነበር? ይህን ጥያቄ አንድ የላስታ ገበሬ ሳይታክት ይመልሰዋል፤ በዚያ ዘመን ከላይ የሚያይ አንድ ብቻ ነበርና። ብሮሹሩ ያንን ቦታ ለካሜራ ሰጠው።

ከላይና ከሩቅ ሆኖ የመጻፍ ልማዱ የቆየ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 ከመልእክተኞች ጋር አገራችን ሲቆይ ላሊበላን አይቷል፤ መጽሐፉም በ1540 ታትሟል። (ዓመቶቹን ከዚህ በኋላም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) አልቫሬዝ አብያተ ክርስቲያናቱን አንድ በአንድ እየለካ ይዘረዝራል፤ ዓምዱን ይቆጥራል፤ ከዚያ ግን የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ ይሰጋና የጻፍኩት እውነት ነው ሲል ይምላል። በበኩሌ ሰውየውን እወደዋለሁ፤ የማለ ሰው ቢያንስ አንባቢውን ያከብራል። መሐላው ግን መጽሐፉ ለማን እንደተጻፈ ያጋልጣል፤ ላላየና ለማያምን ለሩቅ ሰው ነው። ከዋግ ወይም ከጋይንት በእግሩ ለመጣ ሰው ማንም አይምልለትም። ከአልቫሬዝ በኋላ መሐላውን ፎቶግራፍ ተካው እንጂ አቋቋሙ ያው ነው፤ ለክቶ ማስደነቅ።

የባሕሩ ጽሑፍም ቢሆን ከመጀመሪያው ጨዋ አልነበረም። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደችበት በ1952 የኢጣሊያ ጠላቂዎች ወደ ዳህላክ ደሴቶች ተጓዙ፤ ከዚያ ጉዞም ፎልኮ ኩዊሊቺ በ1954 «ሴስቶ ኮንቲኔንቴ»፣ ማለትም «ስድስተኛው አህጉር» የተባለውን ባለቀለም ፊልም አወጣ። ዛሬ ዳህላክ የኤርትራ ነው፤ ያን ጊዜ ግን በሰሜን ከላስታ ተራሮች ባሻገር ያለው ባሕር እንዲህ ተቀርጾ ለዓለም ታየ። የፊልሙ ሰዎች ጠላቂዎች ብቻ አልነበሩም፤ አዳኞችም ነበሩ፣ ዓሣ በጦር የሚወጉ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የዣክ ኩስቶና የልዊ ማል «የዝምታ ዓለም» በካን ትልቁን ሽልማት ወሰደ፤ ቀጥሎም ኦስካርን። በዚያ በተሸለመ ፊልም ውስጥ የኩስቶ ሰዎች በአንድ የኮራል ቅጥር ላይ ያለውን ዓሣ ለመቁጠር ብለው ድማሚት ያፈነዳሉ። ሻርኮችን ጎትተው መርከቡ ላይ ይቀጠቅጣሉ። ያን ጊዜ ጀግንነት ነበር፤ ዛሬ የሚያየው ሰው ፊቱን ያዞራል። ኩስቶ ራሱ በኋላ የባሕር ጠበቃ ሆኖ ነው የሞተው። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይህ የድርሰት ዓይነት ከአዳኝ ፉከራ ወደ እንግዳ ሥርዓት ተለወጠ ማለት ነው።

ለምን ተለወጠ ቢባል ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ኮራሉ መሞት ጀመረ። የባሕሩ ሙቀት ከልኩ አንድ ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ለሳምንታት ሲቆይ፣ ኮራሉ የሚመገብበትንና ቀለም የሚያገኝበትን ጥቃቅን አልጌ ከገላው ያስወጣል፤ ነጭ ሆኖም ይራባል። በታላቁ ቅጥር ላይ ይህ በሰፊው የታየው በ1998፣ በ2002፣ በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022 እና በ2024 ነው። የቀኖቹን መቀራረብ ልብ ይሏል። የጠለቃ ጽሑፍ «አትንካ» ማለት የተማረው ከሞት ነው። ደግሞም ንጹሕ ነው አልልም፤ የገረጣ ኮራል ሽፋኑ ላይ ያወጣ ብሮሹር አላየሁም፤ ጎብኚውን የሚያመጣው አውሮፕላን ባሕሩን ከሚያሞቁት አንዱ መሆኑንም አይነግረንም። ቢሆንም ከኛ ይሻላል፤ ቢያንስ የሚያስጎበኘው ነገር ሊሞት እንደሚችል አምኗል።

የላሊበላ ድርሰት አልተለወጠም። በእርግጥ የሚያስመሰግን አለ። አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ ከምፅዋ ተነሥታ በቅሎ እየሳበች ደጋውን አቋርጣ ላሊበላ የደረሰችበትን ጉዞ በ1968 አሳትማለች፤ በእግሩ የመጣ ጸሐፊ ሌላው ቢቀር ዳገቱን ያውቃል፣ ያሳደረውንም ሰው ያስታውሳል። በሌላው ጫፍ ግሬሃም ሃንኮክ አለ፤ በ1992 ባወጣው ዝነኛ መጽሐፉ የአውሮፓ የመስቀል ጦረኞች፣ ቴምፕላር የሚባሉት፣ በላሊበላ ሥራ እጃቸው ሊኖርበት ይችላል የሚለውን መላ ምት ለብዙ አንባቢ አሠራጨ። ይህ ከላይ የማየት ልማድ የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ መሮውን ከላስታ ሰው እጅ ነጥቆ ለባሕር ማዶ ባላባት ማስያዝ። መላእክት ናቸው የሠሩት የሚለው የኛ ትውፊትስ ያው አይደለምን የሚል ቢኖር፣ አይደለም። በትውፊታችን ሰው ቀን ይጠርባል፣ መላእክት ሌሊት ይቀጥላሉ። ሰውየው ከሥራው አልተባረረም፤ የሌሊት ተረኛ ነው የተጨመረለት።

ከራሳችን ቃላት ደግሞ አንዱን ላንሣ። የቱሪዝማችን አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የፈጠሩት ዝነኛ መፈክር በእንግሊዝኛው የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ነው የሚለው። ለበረዶ አገር ሰው ከዚህ የተሻለ ግብዣ የለም፤ የመፈክር ጥበብ ይህ ነው፣ አደንቃለሁ። አማርኛው ግን «የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ» ሆነ። ማን እንዳስተካከለው አላውቅም፤ ያስተካከለው ሰው ግን ወሎን ያውቃል ብዬ እገምታለሁ። በ1973ና በ1984 ለላስታና ለዋግ ገበሬ ስለ አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ቢነገረው እንደ እርግማን ነበር የሚሰማው። እነሆ አንድ ጊዜ ቋንቋችን ከላይ የሚያየውን ዐይን ታች አውርዶ አረመው። እንዲህ ያለ እርማት ነው በብሮሹሩ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁት።

ምን ጎድሏል ለሚለኝ አንዱን በዝርዝር ላሳየው። በቤተ ማርያም ቅጥር ውስጥ ከአለቱ የተፈለፈለ አራት ማዕዘን ኩሬ አለ፤ ጥልቅ ነው፣ ውሃው በአረንጓዴ ተሸፍኗል። ብሮሹሩ ስለዚህ ኩሬ ግማሽ መስመር አለው፤ ልጅ ያጡ ሴቶች ይፈወሱበታል ተብሎ ይታመናል ብሎ ያልፋል። ነገሩስ ይህ ነው። በገና ሰሞን እነዚያ ሴቶች በገመድ ተይዘው ወደዚያ ውሃ ይወርዳሉ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ቦታው የላስታ ደጋ ነው፤ ውሃው ፀሐይ የማያገኘው የአለት ጉድጓድ ውሃ ነው። የባሕር ጠላቂ ብርድ የሚከላከል የጎማ ልብስ ለብሶ፣ አየሩን በጋን አዝሎ፣ ሰዓቱን እያየ ይወርዳል፤ የሚመለከተው ውበት ነው። እሷ የምትወርደው በቀሚሷ ነው፤ ከታች የምታየውም ነገር የለም፤ የምትፈልገው ከውሃው በታች አይደለምና። ጠላቂዎች ብቻቸውን አይጠልቁም፤ ሁልጊዜ አብሮ የሚጠልቅ ጓደኛ ግድ ነው ይላል ደንቡ። እዚህ ጓደኛው ገመዱን የያዘው ነው። ገመዱን የያዙትን ሰዎች እጅ አይቻለሁ፤ ስለዚያ እጅ ብቻ አንድ አጭር ልቦለድ ይጻፋል።

የጻፈልን ግን የለም፤ ቢያንስ እኔ አላነበብኩም። እዚህ ላይ ጥፋቱን ለፈረንጅ መምሪያ ብቻ ማሸከም አይገባም። የአማርኛ ደራሲ ወደ ላሊበላ ሲሄድ እንደ ጎብኚው ሁሉ ስለ አለቱ ነው የሚገጥመው። ያቺ ሴት ወደ ቤቷ ስትመለስ ምን ይጠብቃታል? ባሏ ምን አላት? የዛሬ ዓመት ደግሞ ተመልሳ ትመጣለች? በመጣችበት መንገድ ስንት ቀን ተጓዘች? ከኮራል ቅጥር ፎቶግራፍ ይልቅ ለጥልቀት የሚቀርበው ይህ ነው። አንድ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ አባት ኩሬው ስንት ሜትር እንደሚጠልቅ ጠይቄያቸው ስቀውብኛል፤ የሚጠይቃቸው ሁሉ የማይወርደው ሰው እንደሆነ ነገሩኝ። ሴቲቱ ከውሃው ስትወጣ ደግሞ በኩሬው ዙሪያ ካሜራ ተደግኖ ይጠብቃታል። በባሕሩ ጽሑፍ ጓንት የከለከለው ዓይነት ሰው ቢገኝ ኖሮ፣ እዚህ የሚከለክለውን ያውቀው ነበር።

የገና ሌሊት አልፎ ሲነጋ የሆነውን ደግሞ ልጨምር። በዚያው በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ ማሜ ጋራ በሚባለው አፋፍ ላይ ካህናቱ ይሰለፋሉ፤ ሌሎቹ ከታች ከቅጥሩ ውስጥ ይቆማሉ፤ «ቤዛ ኩሉ» ከላይና ከታች እየተቀባበለ ይዘመራል። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የሰዎች ምሳሌ ናቸው። ሰማይና ምድር በአንድ ግድግዳ ቁመት ልዩነት ሲነጋገሩ ማለት ነው። ጥሩ ፎቶ የሚነሣው ታዲያ ከየት ይመስላችኋል? ከላይ፣ ከአፋፉ። ባለካሜራው ማንም ሳይሾመው ከመላእክቱ ተርታ ገብቶ ይቆማል። በበዓሉ ላይ ይህን ስመለከት ሳቄ መጣ፤ ብሮሹሩን ሳስታውስ ግን ሳቁ ጠፋ። አንባቢውን ከዚያ ቦታ ያቆመው ጽሑፉ ነውና።

ሥዕሉ ለምን ሁልጊዜ ቤተ ጊዮርጊስ እንደሆነ አንድ ሌላ ምክንያት አለ፤ ብሮሹሩ የማይናገረው። ቤተ ጊዮርጊስ የብረት ጣሪያ የለበትም። በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ግዙፍ መጠለያዎች ሲቆሙ ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ ከሥር ገቡ። ዝናቡ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረውን ልስልስ አለት እየበላው ስለነበር መከለል ያሻ ነበር፤ ይህን አልክድም። ከዚያም በፊት ብዙ ተሞክሯል፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ በሳንድሮ አንጄሊኒ የተመራው ቡድን ሲመጣ፣ ከእሱ በፊት አለቱን ያድናል ተብሎ የተለቀለቀውን ሬንጅ መፋቅ ነበረበት። መጠለያዎቹ ግን የነዳጅ ማደያ ጣሪያ ይመስላሉ፤ እግራቸውም የቆመው በዚያው አለት ላይ ነው። ለጊዜው ነው ተብለው ነበር። አሥር ዓመት ሲሞላቸው፣ በ2018፣ የላሊበላ ሕዝብ በእኛ ቅርስ ላይ ተጭነው ሊወድቁ ነው ብሎ ሰልፍ ወጣ። በመጋቢት 2019 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን መጥተው አይተዋል፤ ጥናትና ጥገና በፈረንሳይ እርዳታ ተጀመረ። ይህ ሁሉ ሲሆን በሽፋኑ ላይ ጣሪያ አልታየም። እንደ ገረጣው ኮራል ማለት ነው፤ የታመመው አይነሣም፣ ጤነኛው ለሁሉም ተወክሎ ይነሣል። ሰልፍ የወጣው ሕዝብ ግን የሚኖረው ከታመመው ጋር ነው።

ከኮራሉ ጋር የማይመሳሰልበትም ነገር አለ፤ እሱም ይበልጥ ሊያስፈራን ይገባል። ኮራል በመጨመር ይሠራል፤ ላሊበላ የተሠራው በመቀነስ ነው። እዚያ የተሰበረው፣ ጊዜና ቀዝቃዛ ውሃ ካገኘ፣ ይተካል። እዚህ ከግድግዳው የረገፈ አይተካም። መሮው ሥራውን ጨርሶ ከወጣ በኋላ ዝናቡም፣ የሰው እግርም ቅነሳውን ይቀጥላሉ። የምእመኑ ባዶ እግርም ይቀንሳል፤ ልዩነቱ ያ እግር ለስምንት መቶ ዓመት ቦታውን ያኖረው መሆኑ ነው። በ1997 ደግሞ ሌላ ዓይነት ቅነሳ ደረሰ፤ «አፍሮ አይገባ» የተባለው ታላቁ መስቀል ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ቤልጅግ ከአንድ ሰብሳቢ ዘንድ ተገኘ፤ በ2001 ወደ ቦታው ተመለሰ። ከባሕር ዛጎል በኪስ አትክተት የሚለው ትእዛዝ እዚህ ሲነበብ ቀልድ አይደለም።

ጫማው ላይ ልመለስ፤ አልፌው ነበር። ላሊበላ ውስጥ ጫማ ጠባቂ የሚባሉ ሰዎች አሉ። በአንዱ በር ያወለቁትን ጫማ ተሸክመው በሌላው በር ይጠብቁዎታል፤ ስንት ጥንድ ቢሆን አይሳሳቱም። ለገና ደግሞ የከተማው ሰው ከሩቅ የመጣውን ምእመን እግሩን ያጥባል፤ ያሳድራል፤ ያበላል። ይህንን ሁሉ ያየ ጸሐፊ፣ ስለ እግር ሊጽፍ ሲቀመጥ፣ ቁንጫ ብቻ ሊታየው የሚችለው እንዴት ነው? አማርኛችን እኮ ለዚህ ቃል አላጣም። ተሳላሚ እንላለን፤ የሚሳለም፣ ደጁን የሚስም። ጎብኚ የሚለውም ቢሆን ቱሪስት ከመምጣቱ በፊት በቤታችን የነበረ ቃል ነው። የታመመ ዘመድ ይጎበኛል፤ ማሳ ይጎበኛል፣ ተባይ ገብቶት እንደሆነ። የጎበኘ ሰው ምን ሆነህ ይላል እንጂ ስምንተኛ ድንቅ ነህ አይልም። ቃሉን ለአስጎብኚ ድርጅቶቹ ስናከራይ ይህን ትርጉሙን አብረን አላስረከብንም መሰለኝ።

አሁን ይህን ማንሣት ምን ይጠቅማል፣ ጎብኚ በሌለበት ስለ ጎብኚ ጽሑፍ መከራከር ቅንጦት ነው የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ከተማዋ ብዙ አይታለች። በ2020 በወረርሽኙ በሩ ተዘጋ። ከነሐሴ 2021 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ከተማዋ በሰሜኑ ጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። በነሐሴ 2023 ደግሞ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲቀሰቀስ በረራው ተቋርጦ ነበር። በ2013 ለውጭ አገር ሰው 50 ዶላር የሆነው መግቢያ እንደ ውድ ተቆጥሮ ብዙ የተጻፈበት ከተማ፣ የሚከፍለው ሰው የጠፋበት ሆነ። አስጎብኚው ሥራ ፈታ፤ በቅሎ አከራዩ በቅሎውን ሸጠ፤ ጫማ ጠባቂውም የሚጠብቀው ጫማ አጣ። ብሮሹሩ እነዚህን ሰዎች ቀድሞም ስላልጻፋቸው፣ ሲጠፉ መጥፋታቸውን የሚያውቅ አንባቢ አላፈራም። አለቱ ስላለ ላሊበላ ያለ የመሰለው አንባቢ ብዙ ነው። ኮራሉ ሲገረጣ የጮኸው እኮ የጠለቀው ሰው ነው።

እናም አሁን ነው ጊዜው። ጎብኚው በተመለሰ ማግስት ማተሚያ ቤቱ የድሮውን ፊልም አውጥቶ ያንኑ ወረቀት እንደገና ይረግጠዋል፤ «ስምንተኛው» የሚለውን ጭምር። ለዚያ የጉዞ ወኪል ቤት ሥራውን ሳስረክብ የላሊበላውን ጽሑፍ ቃል በቃል መልሼ፣ ከሥሩ ግን አንድ ገጽ አማራጭ ጨምሬ ነበር። ረጅም አይደለም። በውሃ ውስጥ ያለን ሰው ፎቶ አያንሱ። በማሜ ጋራ ሲዘመር ከታች ይቁሙ፤ ድምፁም ከታች ነው የሚያምረው። ግድግዳውን በመዳፍዎ አይደገፉ። ስለ መጠለያዎቹ አስጎብኚዎን ይጠይቁት፤ የሚነግርዎ ብዙ ነው። ከባሕር ጠለቃ የሚመጡ ከሆነ አውሮፕላን ከመሳፈርዎ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ይቆዩ፤ ይህ ለደምዎ ነው፤ ላሊበላ ከደረሱ በኋላ ግን ከሁለት ሌሊት በላይ ይቆዩ፤ ይህ ለከተማው ነው። ጫማዎን የሚጠብቅልዎትን ሰው ስሙን ይጠይቁ።

ቤቱ የወሰደው ትርጉሙን ነው። ገጹን፣ በቦታ ጥበት ምክንያት፣ መልሶልኛል።